የክረምት ሙከራዎች በወጥ ቤታችን፦ ከልጆች ጋር እየሠራን የጻፍኩት ማስታወሻ

ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ዝናቡም ከቤት አያስወጣም። እኛ ቤት የሰባት ዓመት ሴት ልጅና የአራት ዓመት ወንድ ልጅ አሉ። ወጥ ቤቱን ለሙከራ ክፍት አድርገንላቸዋል። እየሠራን ያየነውን እዚህ እጽፋለሁ። ሌላ ወላጅ ልሞክረው ቢል እንዲመቸው መጠኑንም አስገባለሁ።

ደንባችን አንድ ነው። ምንም ነገር ከመደባለቁ በፊት ሁለቱም ግምታቸውን ይናገራሉ። ትልቋ ትጽፋለች፤ ትንሹ ይሥላል። ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ ይለጠፋል። ግምቱን ያልሰጠ ማንኪያ አይነካም። ለዚህ ደንብ በጣም እጠነቀቃለሁ። ልጅ ዝም ብሎ ካየ ያየው ትርኢት ነው። ቀድሞ ከገመተ ግን ውጤቱን በጉጉት ይጠብቃል፤ “ለምን?” ብሎም ይጠይቃል። ግምታቸውን አላርምም። ብርጭቆው ራሱ መልሱን ይነግራቸዋል።

ከመጀመራችን በፊት በረኪናና የመጸዳጃ ቤት ማጽጃውን ከወጥ ቤት አወጣሁ። በረኪና ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ከተገናኘ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። “ሁሉንም እንደባልቀው” የሚል ልጅ ያለበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። ሚጥሚጣውም ወደ ላይኛው መደርደሪያ ወጣ። እሳት የምነካው እኔ ብቻ ነኝ።

ቅዳሜ፦ እንቁላልና ጨው

ቀላሉን አስቀደምን። አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ ጥሬ እንቁላል። ሁለቱም “ይሰምጣል” አሉ፤ ሰመጠ። “ጨው ብንጨምርስ?” ስላቸው ትልቋ “የባሰ ይሰምጣል፤ ጨው ከባድ ነው” አለች። ምክንያት ያለው ግምት ስለሆነ ደስ አለኝ።

ጨዉን በሾርባ ማንኪያ እየጨመርን፣ በደንብ እያማሰልን፣ እንቁላሉን እየመለስን አየን። ሩብ ሊትር ለሚሆን ውሃ ሁለት ማንኪያ ሲያልፍ እንቁላሉ መነቃነቅ ጀመረ። ከዚያ ወደ ላይ ወጣ። ትንሹ ጮኸ። ትልቋ ግን ዝም ብላ ቆይታ “ከባድ የሆነው ውሃው ነዋ!” አለች። እኔ ምንም አላልኩም ነበር። ጨው የገባበት ውሃ በእኩል መጠን ሲለካ ከእንቁላሉ ይከብዳል፤ ስለዚህ እንቁላሉን ወደ ላይ ይገፋዋል።

ለትናንሾች የምመክረው ቀጣዩን ነው። ግማሽ ብርጭቆ ጨዋማ ውሃ ላይ ንጹሕ ውሃ በማንኪያ ጀርባ ቀስ አድርጎ ማፍሰስ። እንቁላሉን ስታስገቡት መሃል ላይ ይቆማል፤ አይሰምጥም፣ አይወጣም። የእኛው ትንሽ ልጅ ከዚያ ወዲያ ብርጭቆው እንዳይነካበት ጠባቂ ሆነ።

የተረፈውን ጨዋማ ውሃ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ አፍስሰን መስኮት ላይ አስቀመጥን። አገራችን የምትበላው ጨው አብዛኛው ከአፋር፣ ከአፍዴራ ሐይቅ የሚመጣ ነው። እዚያ ጨዋማውን ውሃ ገንዳ ውስጥ ያስተኙትና ፀሐይ ውሃውን ወስዳ ጨዉን ትተወዋለች። እኛ ደግሞ የአዲስ አበባ ክረምት ላይ ነን። ሳህኑ በቶሎ አይደርቅም። ይቆይ።

ጥሬ እንቁላል ከነኩ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል።

እሑድ፦ ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ

ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። አረፋው ይገነፍላል፣ ልጆች ይስቃሉ። “ኤርታ አሌ ነው!” ሲሉ ግን አልፈቀድኩም። ኤርታ አሌ የቀለጠ ድንጋይ ነው፤ እሱን የሚያፈላው የምድር ሙቀት ነው። ይህ ግን አሲድና ሶዳ ተገናኝተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ሲለቁ ነው። ለልጅ ቢሆንም ልዩነቱ መነገር አለበት።

አረፋ ብቻ ማየት ሙከራ አይመስለኝም። ሙከራ የሚሆነው አንድ ነገር ቀይረን ሌላውን እንዳለ ስንተው ነው። ስለዚህ ሁለት ባዶ ሃይላንድ ወሰድን። በሁለቱም እኩል አቼቶ። በአንዱ ፊኛ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ በሌላው ሁለት። ፊኛዎቹን የጠርሙሶቹ አፍ ላይ አጥልቀን ሶዳውን ወደ ውስጥ አራገፍን። ሁለቱም ተነፉ፤ ባለ ሁለት ማንኪያው በለጠ። በሦስተኛው አራት ማንኪያ ስናደርግ ግን ያን ያህል አልጨመረም፤ ሶዳው ታች ተርፎ ተቀመጠ። ትልቋ “አቼቶው አለቀበት” ብላ ጻፈች። ትክክል ነው።

የተቀደደ ፊኛ ትንሽ ልጅ እጅ ላይ አይተውም፤ ከዋጠው ያንቃል።

ማክሰኞ፦ እርድ

ይህን ሙከራ ያመጣው የልጁ ካናቴራ ነው። ነጭ ካናቴራ ላይ አልጫ ፈሰሰበት። በደረቅ ሳሙና ሳሸው ቢጫው እድፍ ቀይ ሆነ። ትልቋ አጠገቤ ቆማ ታይ ነበር፤ “ማሚ፣ ደማ!” አለች። እናቴ ከሳሎን “ሁሌም እንደዚያ ነው፤ እጠቢና ፀሐይ ላይ ስጪው” አለችን። ሁለቱንም ለመፈተን ወሰንን፤ መቅላቱንም፣ የፀሐዩንም ነገር።

አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በግማሽ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ በጠበጥን። የወረቀት ፎጣ ነክረን አደረቅን። ቢጫ ወረቀት ሆነ። በቁራጭ በቁራጭ ቆራርጠን ትንንሽ ሲኒዎች ደረደርን። አንዱ የሎሚ ጭማቂ፣ አንዱ አቼቶ፣ አንዱ ወተት፣ አንዱ በውሃ የሟሟ ሶዳ፣ አንዱ የደረቅ ሳሙና ውሃ፣ አንዱ የእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና። እናቴ “አመድም ጨምሩበት” አለች፤ ዕጣን ካጨሰችበት የከሰል አመድ ትንሽ በውሃ በጥብጠን አጠለልን። የአመድ ውሃ ቆዳና ዓይን ስለሚጎዳ ልጆቹ አልነኩትም፤ እኔ ነኝ ያንጠባጠብኩት።

ትንሹ ለሁሉም ቀይ ሣለ። ትልቋ “ሳሙናዎቹ ብቻ ይቀላሉ” አለች።

ሎሚ፣ አቼቶና ወተት ምንም አልቀየሩትም። ሶዳው ወደ ብርቱካናማ ወሰደው። ደረቅ ሳሙናው አቀላው። አመዱ ከሁሉም የጠቆረ ቀይ ሰጠ። የእቃ ማጠቢያው ፈሳሽ ሳሙና ግን ቢጫውን እንዳለ ተወው! ትልቋ ተናደደች። “ሳሙና አይደለም እንዴ?” አለች። ከዚህ ነው ጥሩው ውይይት የተጀመረው። ሳሙና መባሉ አይደለም ቀለሙን የሚለውጠው። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን የሚባል ቀለም አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) ሲነካው ይቀላል። ደረቅ ሳሙና፣ አመድና ሶዳ አልካላይ ናቸው። ፈሳሹ የእቃ ሳሙና ግን ብዙውን ጊዜ እጅ እንዳይጎዳ ለዘብ ተደርጎ ይሠራል።

ከዚያ ቀዩ ወረቀት ላይ ሎሚ አንጠባጠብን። ተመልሶ ቢጫ ሆነ። እንደገና ሳሙና፤ ቀላ። እንደገና ሎሚ። ትንሹ ወረቀቱ እስኪበጣጠስ ድረስ ደጋገመው፤ አልከለከልኩትም። በአራት ዓመቱ “ነገሩ ተመልሶ ይሄዳል” የሚለውን በእጁ ካወቀ ይበቃኛል።

ለፀሐዩ ነገር ሌላ ቢጫ ወረቀት ግማሹን በካርቶን ሸፍነን መስኮት ላይ ለጠፍን። ደመናው ስላልለቀቀን ውጤቱ ዘገየ። የሆነ ቀን ካርቶኑን ስናነሣ ግን ያልተሸፈነው ግማሽ ጎላ ብሎ ነጥቷል። የእርድ ቀለም ብርሃን አይችልም። እናቴ ለዘመናት ስታደርገው የኖረችው ነገር ልክ መሆኑ በልጅ ልጇ እጅ ተረጋገጠ። ትልቋ ፍሪጁ ላይ “እማማ ልክ ናት” ብላ ለጠፈች።

ረቡዕ እስከ ቅዳሜ፦ ሊጥ

ይህ የክረምቱ ትልቁ ሥራችን ነው። ባለሙያዋ እናቴ ስለሆነች መሪውም እሷ ናት።

ሦስት አንድ ዓይነት የመስታወት ማሰሮዎች። በእያንዳንዱ ግማሽ ብርጭቆ የጤፍ ዱቄትና ተመጣጣኝ ውሃ። በአንደኛውና በሁለተኛው ሁለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርሾ። ሦስተኛው ያለ እርሾ። አንደኛውና ሦስተኛው ምድጃ አጠገብ፣ ሁለተኛው ፍሪጅ ውስጥ። የሊጡ ቁመት የደረሰበት ላይ ላስቲክ አሰርን። ክዳኑን አላጠበቅነውም፤ ጋዝ ይፈጠራል።

ትልቋ ፍሪጅ የገባው እንደሚያሸንፍ ጻፈች፤ “ምግብ እዚያ ነው ደህና የሚሆነው” ብላ። ትንሹ እርሾ የሌለውን “ይተኛል” አለ፤ ዓይኑን የጨፈነ ማሰሮ ሣለ።

ሐሙስ ጠዋት እርሾ ያለው የምድጃ ዳሩ ከላስቲኩ በላይ ወጥቷል። በመስታወቱ ጎን አረፋው ይታያል። ጆሮ ሲያስጠጉ ይሰማል። ልጆቹ ተራ ገብተው አዳመጡ። የፍሪጁ እንዳለ ነው። እርሾ የሌለውም ጸጥ ብሏል። እርሾ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን እንዳሉ ነገርኳቸው። የዱቄቱን ስኳር ይመገባሉ፤ አንዳንዶቹ ጋዝ ይለቃሉ፣ ሌሎቹ ሊጡን የሚያኮመጥጠውን አሲድ ይሠራሉ። ብርድ ሲሆን ሥራቸው ይዘገያል። እናቴ “ለዚህ አይደል በክረምት ሊጥ የሚያስቸግረው!” አለች።

ዓርብ ላይ አንደኛው ወደ ታች ወርዶ ከላይ ቢጫ ውሃ አቆረ። ይኸው ነው የሚቀጥለው ሊጥ እርሾ። የገረመኝ ሦስተኛው ነው። ምንም እርሾ ያልገባበት ሊጥ አረፋ አወጣ! ትንሹ “ነቃ!” አለ። ጤፉ ራሱ ላይ፣ ዱቄቱም ውስጥ እነዚያ ጥቃቅን ሕያዋን አሉ። እርሾ ቶሎ እንዲጀመርና የታወቀ ጣዕም እንዲኖረው ያደርጋል እንጂ ከዜሮ አይፈጥራቸውም። “የመጀመሪያው እርሾ ከየት መጣ?” የሚል ልጅ መልሱን ማሰሮው ውስጥ ያገኘዋል።

የፍሪጁን አውጥተን ምድጃ ዳር ስናስቀምጠው እሱም መነሣት ጀመረ። አልሞተም ነበር። የትልቋ ግምት ከሌላ ወገን ሲታይ ልክ ሆነ። ፍሪጅ ምግብ የሚያቆየው እነዚህን ፍጥረቶች ስለሚያዘገይ ነው።

ከአንደኛው ቢጫ ውሃ በማንኪያ ቀድተን ሌላ ነገር አየን። ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅለን ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን ውሃ አስቀምጠን ነበር። ይህ ውሃ አሲድ ሲገባበት ወደ ሐምራዊ (ሮዝ)፣ አልካላይ ሲገባበት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። ሶዳ አረንጓዴ አደረገው። ሎሚ ሐምራዊ። የእርሾው ውሃም እንደ ሎሚው ሐምራዊ አደረገው። የእንጀራ ኩምጣጤ የምላስ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን በቀለም አዩት።

ቅዳሜ እናቴ አብሲት ጥላ ጋገረች። ከጎኑ አሁን የተበጠበጠ፣ ያልቦካ ሊጥም በትንሹ እንድትጋግርልን ለመንናት። ደስ አላላትም፤ ዱቄት ማባከን ነው። ግን አደረገችው። ያልቦካው ዓይን የሌለው ልሙጥ ቂጣ ወጣው። የቦካው ላይ ግን ምጣዱ ሲግል ጋዙ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ዓይኖቹ አንድ በአንድ ሲከፈቱ አየን። ምጣዱን ከርቀት፣ ወንበር ላይ ቆመው ነው ያዩት። ልጆቼ ይህን እንጀራ በየቀኑ ይበሉታል። ዓይኑ የጋዝ መውጫ መሆኑን ያወቁት ግን ያን ቀን ነው።

ሰኞ፦ ፈንዲሻ

አጭር ናት። የፈንዲሻ በቆሎ ፍሬ ውስጥ ትንሽ ውሃ አለ፤ ከክብደቱ 14 በመቶ ገደማ። ሲግል እንፋሎት ይሆናል። ጠንካራው ቅርፊት ስለማያስወጣው ይታመቅና 180 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈነዳል። ታዲያ ቅርፊቱ ቀዳዳ ቢኖረውስ?

ሃያ ፍሬ በመርፌ በሳሁ። ከባድ ሥራ ነው፤ የአዋቂ ሥራም ነው። ሃያ ያልተበሳ ለብቻው። ክዳን ባለው ድስት በየተራ ቆላናቸው። ልጆቹ ከክፍሉ በር ሆነው በጆሯቸው ቆጠሩ። ያልተበሱት በተከታታይ ፈነዱ። ከተበሱት አብዛኞቹ ጠቁረው ቀሩ። “እንፋሎቱ አመለጠ” አለች ትልቋ። ያንኑ ሰዓት ቡና ተፈልቶ ስለነበር የሙከራው ውጤት ወዲያው ተበላ።

ሐሙስ፦ እርጎ መናጥ

ሰፈር ካለች ወተት ሻጭ ያልተፈላ የላም ወተት ገዝተን እቤት እርጎ ሆነ። የታሸገ የሱቅ ወተት ለዚህ አይሆንም። ብዙ ጊዜ ቅባቱ በማሽን ደቅቆ ስለሚመጣ ብትንጡትም ቅቤ አይወጣውም። ያልተፈላ ወተት ለሕፃን አይሰጥምና ልጆቹ ይህን እንዳይቀምሱ አስጠነቀቅኩ። ለሙከራ ብቻ ነው።

እርጎውን ሰፊ አፍ ባለው ማሰሮ ግማሽ ድረስ ሞላን። ባዶ ቦታ መተው አለበት፤ ካልተመታ አይወጣም። መሬት ላይ ፎጣ አንጥፈን ማሰሮውን እያንከባለሉ፣ እየተቀባበሉ ናጡት። አልፎ አልፎ ክዳኑን እየከፈትኩ ጋዝ አስወጣሁ። እናቴ ልጅ እያለች የናጠችበት ቅል ለዚሁ ብሎ ትንሽ ቀዳዳ ነበረው፤ በእንጨት ይወተፋል።

ረጅም ጊዜ ወሰደ። ትንሹ ሰልችቶት ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። አላስገደድኩትም። እናቴ ግን በድምፁ ትከታተል ነበር። “አሁን ድምፁ ተለወጠ፤ ክፈቺው” አለችኝ። ከፈትን። ቢጫ ፍንጣሪዎች ከላይ ተሰብስበዋል። እርጎው ውስጥ ተበትነው የነበሩት የቅባት ጠብታዎች ሲጋጩ ሽፋናቸው ይቀደድና እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ቀዝቃዛ ከሆነ ቅባቱ ስለሚጠነክር አይጣበቅም፤ በጣም ከሞቀ ይቀልጣል። እናቴ በጣም ሲበርድ ለብ ባለ ውሃ ማሰሮውን ከውጭ ታጥባለች፤ ያለ ቴርሞሜትር ትክክለኛውን ሙቀት ታገኘዋለች።

አሬራውን እኔ እሳት ላይ ቀስ ብዬ አሞቅኩት። አይቡ ረጋ፣ አጓቱ ተለየ። ከአንድ ማሰሮ ሦስት ነገር ወጣ፤ ቅቤ፣ አይብ፣ አጓት። ትልቋ ይህን በቀስት ሥላ አሳየችኝ። ከእኔ የተሻለ ገለጻ ነው።

ቅዳሜ፦ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

የትልቋ መጽሐፍ 100 ይላል። የወጥ ቤት ቴርሞሜትር የሚንተከተክ ውሃ ውስጥ አስገባሁና ቁጥሩን እንድታነብ ከርቀት አሳየኋት። 92 ላይ ቆመ። እሳቱን ጨመርኩ፤ አልወጣም። “ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል” አለች። የበረዶ ውሃ ውስጥ ስንከተው ዜሮ አሳየ። አልተበላሸም።

አየር ከላያችን እንደተደራረበ ጋቢ ነው፤ ክብደት አለው። ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ብዙ ድርብ ለብሷል፤ እኛ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለነው የሳሳ። ውሃውን የሚጫነው አየር ሲቀንስ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። እንጦጦ ብንወጣ 90 ገደማ ይሆናል። ድሬዳዋ ብንወርድ 96። ያ ጨው የሚመጣበት አፍዴራ ደግሞ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው፤ እዚያ 100ን በጥቂቱ ያልፋል።

ሽምብራና ባቄላ አዲስ አበባ ላይ ጊዜ የሚፈጀውም ለዚህ ነው። ውሃው እየፈላም ቢሆን ሙቀቱ ያንሳል። ፕሬዠር ድስት እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከ100 በላይ ያደርሰዋል። የመጽሐፏ 100 ባሕር ጠለል ላይ ነው። ትልቋ እርሳስ አምጥታ ገጹ ላይ “አዲስ አበባ 92” ብላ ጨመረች። ጎበዝ አልኳት።

ሰኞ፦ ቅርፊት የሌለው እንቁላል

ጥሬ እንቁላል በአቼቶ ውስጥ አሳደርን። ቅርፊቱ ላይ አረፋ ተነሣ። ቅርፊቱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አሲዱ ሲያሟሟው ያንኑ የሶዳውን ጋዝ ይለቃል። በማግስቱ አቼቶውን ቀየርነው። ቅርፊቱ አለቀና ስስ ቆዳ ብቻ ቀረ። እጅ ላይ ይለመጣል፤ ብርሃን ላይ ሲያዩት አስኳሉ ይታያል። ወገቡን በክር ለካን። ከዚያ ወፍራም የስኳር ውሃ ውስጥ አስገባነው። በማግስቱ ተጨማድዶ ክሩ ሰፋው። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሲያድር ደግሞ አብጦ ክሩ አልደርስ አለ። ቆዳው ውሃ ያሳልፋል፤ ስኳር አያሳልፍም። ትልቋ በጨው ውሃ ልትደግመው ሌላ እንቁላል አቼቶ ውስጥ አድርጋለች።

የመስኮቱ ሳህንም በመጨረሻ ደርቋል። ጫፍ ጫፉ ላይ አራት ማዕዘን የጨው ቅንጣቶች አሉ፤ በአጉሊ መነጽር በደንብ ይታያሉ።

ቀጣዩ ብቅል ነው። ገብሱን ዛሬ ማታ እንዘፈዝፋለን፤ ነገ አጥልለን እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ይጠቀለላል። ሲበቅል አድርቀን ያልበቀለውንና የበቀለውን እናኝካለን። የበቀለው ይጣፍጣል፤ ዘሩ ሲበቅል ስታርቹን ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራልና። ይህን ለልጆቹ ገና አልነገርኳቸውም።